ዕቃ ባዶውን አይመለስም

ስለማልናገር አስተማሪዬ ቤት ድረስ ደወለች። ልጅዎ ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም፣ እጇን አታወጣም፣ አጠገብሽ ካለው ልጅ ጋር ተወያዪ ስትባል ጠረጴዛውን ታያለች ብላ ረጅም ስሞታ አሰማች። የምታስተረጉመው እዚሁ አሜሪካ የተወለደችው የአክስቴ ልጅ ናት። እናቴ እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠችና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት» አለች። ጨዋ ልጅ አሳደግሽ ተብላ የተመሰገነች መስሏት ነበር። ስሞታ መሆኑ ሲገባት ደግሞ አስተማሪዋን ታዘበቻት።

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ እሷን ምን አስጨነቃት?»

እናቴና እኔ ዲቪ ደርሶን ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባን ያኔ ገና መንፈቅ አልሞላንም ነበር። አባቴ የወረቀት ጉዳይ ይዞት አዲስ አበባ ቀርቷል። እናቴ በየጠዋቱ በሜትሮ አሌክሳንድሪያ ድረስ እየሄደች የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሚድል ስኩል ገብቼ ኢሶል በሚሉት፣ እንግሊዝኛ ላልለመደ ልጅ በተዘጋጀው ክፍል እማራለሁ። ክፍሉ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ዝም የምንለው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና አንድ ጃፓናዊ ልጅ። አስተማሪዋ ሁለት ዝምተኞች አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱ ሲጨንቀው ያወራል ብላ ነው መሰለኝ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አጣመረችን። ተሳስታለች። «ተወያዩ» በተባልን ቁጥር ሁለታችንም ጠረጴዛውን እናያለን። እንደዚያ ጠረጴዛ በትኩረት የታየ ጠረጴዛ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን አስተማሪዋ የታረመ ፈተና ስትመልስ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ያደግሁበት ነው፤ ከታላቅ ሰው እጅ ተቀምጦ በአንድ እጅ አይቀበሉም። ክፍሉ ሳቀ። ቀጥሎ የእሱ ተራ ደረሰ። ብድግ አለ፤ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ጎንበስም አለ። ክፍሉ የባሰ ሳቀ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔም አየሁት። የወደድኩት ያን ጊዜ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «መቼ እንደጀመረ አላውቅም» እላለሁ እንጂ ሰዓቱን ሳይቀር አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ የእኔን እርሳስ ሳልጠይቀው ቀርጾ በእኔ በኩል ያስቀምጥልኝ ጀመር። እኔም ቅዳሜና እሁድ ይረዝምብኝ ጀመር። ከዚህ በቀር በመካከላችን ምንም የለም፤ ቃል እንኳ የለም።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ቀድሞ ገባ። የአባቴ የኤምባሲ ኢንተርቪው የተቀጠረው ማርች ውስጥ ነበር። እናቴ «ጾሙን ሳናጓድል ከጾምን አባትሽን ያመጣልናል» ብላ ተሳለች፤ ስለቱም የሁለታችን ሆነ። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይታሰብም። ለእኔ የአባቴ ቪዛ በአፌ ላይ የተንጠለጠለ ነበር የሚመስለኝ። ካፌቴሪያ ውስጥ የነከስኩት ዳቦ ቅቤ አለበት ሲሉኝ ተፍቼው ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ። አባቴ ኋላ ቪዛውን አገኘ፤ ያኔ ግን ማን ያውቃል?

ጾሙ በገባ ሰሞን የቫለንታይን ቀን ሆነ። አስተማሪዋ ለእያንዳንዳችን በቀይ ወረቀት የተጠቀለለ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ቸኮሌት አደለችን። ጃፓናዊው ልጅ ቢሮ ተጠርቶ ስለነበር ሲታደል አላየም። እኔ ወተት አለበትና አልበላውም፤ የሚበላ ነገር መጣል ደግሞ ነውር ነው። ልክ ሲገባ ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጁ ግን ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ቸኮሌቱን እንደሚሰበር ነገር ተቀብሎ በመሐረብ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው። አልበላውም። እሱም ጾመኛ ነው እንዴ? ብዬ ገረመኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላየኝ አለ። እርሳሱ መቀረጹን አልተወም፤ ዓይኑ ግን ከእኔ ይሸሻል። ጠረጴዛውን እንኳ በእኔ በኩል አያየውም። ምን በደልኩት? ቸኮሌት መስጠት በአገሩ ስድብ ይሆን? ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ አንድ ቃል መጠየቅ አቃተኝ። በአማርኛ ብጠይቀው አይገባው፤ በእንግሊዝኛ ልጠይቀው አልችል። በዝምታዬ ስኮራ የኖርኩት ልጅ ያን ጊዜ ዝምታዬን ጠላሁት።

ማርች አጋማሽ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ፣ የአክስቴ ልጅና እኔ አውቶቡስ ተሰልፈን ሳለ ከፊታችን መጥቶ ቆመ። በነጭ ሪባን የታሰረ የቆርቆሮ ሣጥን ይዟል። ሰልፉ ሁሉ ዞረ። እሱ ሲያጠናው የሰነበተውን በቃሉ እንደሚወጣ ሰው ቆሞ አንድ በአንድ ተናገረ።

«ፌብሩዋሪ፣ ዩ ጊቭ ሚ። ቱደይ፣ አይ አንሰር። አይ ላይክ ዩ ቱ።»

እኔም እወድሻለሁ ማለቱ ነው። እኔም? እኔ መቼ አልኩና? ክዳኑን ከፈተልኝ፤ የእናቱ እጅ ያለበት፣ ቅቤው ከሩቅ የሚሸት ብስኩት ነው።

«ፍራይደይ፣ ላስት ዴይ። አይ ጎ ጃፓን» አለ። ቀጥሎም ሣጥኑን ጠጋ አድርጎ «ፕሊስ» አለኝ።

ዓርብ ማለት ከነገ ወዲያ ነው። መልሴን አፌ ላይ እየጠበቀ ነው። አንዲት ብስኩት ብጎርስ «አዎ» ብዬዋለሁ ማለት ነው፤ ሳልጎርስ ብቀር ደግሞ «አይሆንም»። ብጎርስ ግን የአባቴ ኢንተርቪውስ? ጾም ነው፣ ስለት አለብኝ፣ አንተን ጠልቼ አይደለም የሚለውን በምን እንግሊዝኛ ልበለው?

«ኖ። አይ ካንት» አልኩት።

ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ። ክዳኑን ገጥሞ፣ ሪባኑን አስሮ፣ ሣጥኑን እጄ ላይ አስቀምጦ ጎንበስ አለና ሄደ።

የአክስቴ ልጅ አውቶቡሱ ውስጥ ስልኳን አወጣች። «ቆይ፣ ሰርች ላድርገው። ኦ ማይ ጋድ! ጃፓን ውስጥ ቫለንታይን ላይ ቸኮሌት የምትሰጠው ገርሏ ናት። ሰጠሽው ማለት ‹አይ ላይክ ዩ› አልሽው ማለት ነው። ልጁ ደግሞ ዋን መንዝ ይጠብቅና ማርች ላይ አንሰር ያደርጋል። አንቺ እኮ ነሽ ፈርስት አስክ ያደረግሽው!»

እኔ? እኔ የተረፈ ፍስክ ነው የሰጠሁት! እሱ ግን ወር ሙሉ መልሱን ሲያዘጋጅ ከርሟል። ዓይኑን ያሸሸው አፍሮ ነው።

እናቴ ቦርሳዬን ሳትፈትሽ ውላ አታድርም፤ ሣጥኑን ወዲያው አገኘችው።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከክፍል ልጅ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

የሚፈሰውን ቧንቧ ዘጋችው። «በላሽለት?»

«አልበላሁም። ጾም ነው።»

«ጾመኛ ነኝ አላልሽውም?»

«እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። ኖ አልኩት።»

እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ የጠበቅሁት በወንዱ ነበር። የተቆጣችው በሌላ ነው። «እና የሰው ልጅ እናቱን አስጋግሮ፣ ተሸክሞ ይዞልሽ መጥቶ፣ እንዲሁ አሳፍረሽ ሰደድሽው? እናቱ ምን ትላለች? እሷም እንደ እኔ ሰው አገር ያለች ናት እኮ!» ብስኩቱን ለፋሲካ ብላ ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ባዶውን ሣጥን አጥባ አደረቀችና ዱቄት አወረደች። «ዕቃ ባዶውን አይመለስም። የወንዱን ጉዳይ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን፤ የረሳሁት እንዳይመስልሽ።»

ሊጡን በዘይት ለውሳ፣ በረጅሙ እያድበለበለች፣ በትንንሹ እየቆረጠች፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሰች። ከሥራ የመጣችበትን ጫማ እንኳ አላወለቀችም። ሣጥኑን እስከ አፉ ሞላችው። ሪባኑንም ካሰረው ከልጁ በላይ አሳምራ አሰረችው። ደስ አለኝ። ይህን ሲያይ ይገባዋል አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ስንገባ ሣጥኑን በሁለት እጄ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አየው። ያው ሣጥን፣ ያው ሪባን። እኔ ፈገግ ብዬ ክዳኑን እስኪከፍት እጠብቃለሁ። እሱ አልነካውም።

«ኦኬ። ሶሪ» አለኝ በጣም ቀስ ብሎ። ቦርሳው ውስጥ ከተተውና ትምህርቱ እስኪያልቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ። ያን ቀን እርሳሴ አልተቀረጸም። አፍሮ ነው፣ ቤቱ ሄዶ ይከፍተዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አውቶቡሱ ላይ ለአክስቴ ልጅ በኩራት ነገርኳት። ጮኸች።

«ጊፍቱን ሪተርን አደረግሽበት?»

«ዳቦ ቆሎ ሞልተን እኮ ነው!»

«እሱ ምን አውቆ? የእኛን ነገር ማን ነገረው? ጊፍት ከመለስሽ እኮ ‹አልፈልግህም› አልሽው። ያውም ሁለተኛ ጊዜ!»

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው። ያን ማታ እህል አልቀመስኩም። እናቴ ጾሙን ያጠበቅሁ መስሏት መረቀችኝ።

ዓርብ ወንበሩ ባዶ ሆነ። አስተማሪዋ ታስተምራለች፤ እኔ በሩን አያለሁ። ጠላችኝ ብሎ አገሩ ሊገባ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት የሐበሻ ልጅ መጀመሪያ ጠይቃኝ ኋላ ተጫወተችብኝ ሊል ነው። ይህ ከመሄዱ ይልቅ አንገበገበኝ። ድንገት በበሩ መስታወት በኩል ሲያልፍ አየሁት፤ የሚመልሳቸውን መጻሕፍት ታቅፏል፣ ከኋላው እናቱ ትከተላለች።

እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ ተነሥቼ ወጣሁ። አስተማሪዋ ስሜን ስትጠራ ሰምቻለሁ። አልዞርኩም።

እናቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ እሱ ሎከር የሚሉትን የግድግዳ ቁም ሳጥኑን ባዶ እያደረገ ነው። ቦርሳው ክፍት ነው፤ ሣጥኑ ከነሪባኑ ውስጡ ተቀምጧል። አልከፈተውም።

«ኦፕን» አልኩት።

«ኢት ኢዝ ኦኬ» አለ፤ ሊጽናናም ሊያጽናናኝም የፈለገ ይመስል ነበር።

«ኦፕን!»

አልሰማ ሲለኝ ሣጥኑን ራሴ መንጭቄ አወጣሁት። እናቴ የቋጠረችው ቋጠሮ በቀላሉ የሚፈታ አይደለም። ጎትቼ፣ ጎትቼ፣ ሪባኑ ሲበጠስ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ዳቦ ቆሎው ኮሪደሩን ሞላው። ድምፁን የሰማ ሁሉ ከየክፍሉ አንገቱን አወጣ። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ወለሉን አየ። የእናቱ ብስኩት አይደለም። ቀና ብሎ እኔን አየ።

«ማይ ማዘር ሜክ። ፎር ዩ» አልኩት። አሁን ወይ እናገራለሁ ወይ ይሄዳል። መዋሸት ደግሞ አልፈለግሁም።

«ፌብሩዋሪ፣ ኖ» አልኩት። «ፌብሩዋሪ፣ አይ ዲድንት ኖው።»

ዓይኑን ሰበረ። ልተወው ነበር።

«ቱደይ፣ የስ። ቱደይ፣ አይ ላይክ ዩ።»

በአማርኛ ቢሆን ይህ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። በአማርኛ ውስጥ እናቴ አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ሰው ምን ይለኛል አለ። እንግሊዝኛው ውስጥ ግን ገና ማንም አልገባም፤ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። እንግሊዝኛን የወደድኩትም ያን ቀን ነው።

ልጁ ተንበረከከ። ከወለሉ ላይ አንድ ፍሬ አነሣ፤ አላራገፈውም። አፉ ውስጥ ከተተው። ሲቆረጥም ጸጥ ባለው ኮሪደር ውስጥ ይሰማ ነበር። ሌላም አነሣና በሁለት እጁ ለእኔ ዘረጋልኝ። የጾም ነው፤ በላሁት። አጠገቡ ተንበርክኬ ሁለታችንም እየለቀምን በላን።

እናቱ በስሙ ጠራችው፣ ለስለስ አድርጋ። ደግማ ስትጠራው እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ጃኬቱ ኪስ ከተተና ተነሣ። ሣጥኑን እኔው እጅ ላይ ትቶት ሄደ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ ቀልቷል፤ ዓይኑን ግን አላሸሸም።

የቀረውን እያለቀስኩ ለቀምኩት። እንዲቀር ፈልጌ ነበር፤ አልቀረም። ያን ቀን የዓለም ሁሉ ኀዘን በእኔ ላይ የወደቀ መስሎኝ ነበር። ግን ሄደ እንጂ ሳያውቅ አልሄደም።