ሃምሳ አንድ ኪሎ

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ገርጂ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ወንበሮቹ ገና አዲስ ስለሆኑ ላስቲካቸው አልተገፈፈም፤ መኪናው ሰው እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ቆሞ ላስቲኩ ግሎ ይሸታል። መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ወዲያው ምራቄ ደረቀ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ፊቴን አየችና "አባባ፣ ውሃ ልስጥዎት?" አለችኝ። ተቀብያት ጠጣሁ። የጋለ ላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር እንዲህ ነኝ። መጀመሪያ ጥሙ ይመጣል፣ ከጥሙ ኋላ ወንድሜ ይመጣል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ቤታችን ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሁሉ ያኔ የጤፍ ማሳና ባሕር ዛፍ ነበር። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ጨዋታውን አቋርጦ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ሞቷል። እናታችን በአንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ወንድሜ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። አንድ አልጋ ላይ እሱ በራስጌ እኔ በግርጌ እንተኛለን፤ ሸሚዝም ጫማም የቀደመ የሚለብሰው ነበር።

ሰፈራችን አጠገብ አንድ ፋብሪካ ነበር፤ የቦክስ ቡድን ነበረው። ሁለታችንም እዚያ እንለማመዳለን። ቡጢ እንወድ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን በዚያ ዓመት ከቡጢው በላይ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ቀበሌዎች ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመለምላሉ፤ የኛ ዕድሜ ደርሷል። ቡድኑን ወክሎ ለውድድር የቀረበ ልጅ በፋብሪካው ይቀጠራል፤ የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነውን ደግሞ ቀበሌው አይነካውም። አሰልጣኛችን እንዲህ ብሎናል፣ እኛም አምነናል። አሰልጣኙ አፍንጫው ተሰብሮ ወደ ግራ የተኛ፣ ሲቆጣም ሲያመሰግንም ድምፁ የማይለይ ሰውዬ ነበር።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ሁለታችንም ሃምሳ አራት ኪሎ ነን። ቡድኑ በአንድ የኪሎ ምድብ የሚያሰልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። አሰልጣኙ ጎን ለጎን አቆመንና "ሃምሳ አንድ ላይ ሰው የለኝም፤ አንዳችሁ ውረዱ" አለን። ወንድሜ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ "እኔ እወርዳለሁ ጋሼ" አለ። ስንወጣ ለምን እንዲህ እንዳለ ጠየቅሁት። "አንተ ስትራብ ታለቅሳለህ" አለኝና ሳቀ። እውነቱን ነው። ረሃብ አልችልም፤ ዛሬም አልችልም።

ሦስት ኪሎ ለወፍራም ሰው ምንም አይደለም። ወንድሜ ግን አጥንትና ጅማት ብቻ ነበር። ሥጋ ከሌለው ሰው ላይ የሚቀነሰው ውሃው ነው። አሰልጣኙ ትልቅ የማዳበሪያ ላስቲክ አምጥቶ የአንገትና የክንድ ማስገቢያ ቀደደለትና አለበሰው፤ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ የአባታችንን ካፖርት ደረበለት። ጠዋት ጠዋት በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ዙሪያ አብሬው እሮጣለሁ። አንድ ቀን ከአጥሩ ውስጥ የሚጠብቀው ወታደር በዚያ ፀሐይ ካፖርት ለብሶ የሚሮጥ ሰው ሲያይ ጊዜ "አንተ! እብድ ነህ?" ብሎ ጮኸበት። ወንድሜ ሳይቆም "ቦክሰኛ ነኝ!" አለው። ወታደሩም "ያው ነው!" አለና ወደ ጥላው ተመለሰ። ቤት ስንደርስ ካፖርቱን አስወልቀዋለሁ፤ ላስቲኩን ከወገቡ ስገልጠው ላቡ ተጠራቅሞ እግሩ ላይ ይፈስሳል። የዚያን ጊዜ የሚወጣው ሽታ ነው ሚኒባሱ ውስጥ ያገኘኝ።

ጊዜው ሁዳዴ ጾም ነበር። እናታችን ቡጢውን ታውቃለች፣ ረሃቡን ግን ብትሰማ ጉድ ይፈላ ነበር፤ "ሳይበላ የሚደባደብ ልጅ አልወለድኩም" ብላ አሰልጣኙ ቤት ድረስ ትሄዳለች። ስለዚህ አልነገርናትም። እሷ የምታየው ልጇ እህል እንደማይቀምስ፣ ውሃ እንኳ እንደሚፈራ ነው። በራሷ ተረጎመችው። አንድ ማታ ጓሮ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ወንድምህ ሊቆርብ ነው እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት? "እንጃ እማዬ" አልኳት። በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታችንን ይዛ መጣች። ወንድሜ በደረቀ ከንፈሩ መስቀል ተሳለመ። "ያጽናህ ልጄ" አሉት። "አሜን አባ" አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ አነሳና ሁለታችንም ሳቃችንን ለመዋጥ መሬት መሬት አየን። ቀበሌ የወጣቶች ስብሰባ ላይ ደግሞ ሻይ አልጠጣም ሲል ሊቀመንበሩ "ጓድ፣ ይሄ የአድኃሪ ልማድ ገና አልለቀቀህም?" አለው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጻድቅም አድኃሪም ሆነ። እሱ የሚያስበው ስለ ውሃ ብቻ ነበር። ሲተኛ የደረቀ ምላሱ ከላንቃው ሲላቀቅ ይሰማኛል።

የሚዛኑ ቀን ቅዳሜ ነበር። ምዘናው ጠዋት፣ ግጥሚያው ከሰዓት በኋላ ነው። ከቤት ስንወጣ እናታችን "ለምሳ ና፤ ቅዳሜ እኮ ነው፣ ትንሽ ቅመስ" አለችው። "እመጣለሁ" አላት።

ውድድሩ የሚደረግበት አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ ነበር። ዳኞቹ የያንዳንዱን ቦክሰኛ መታወቂያ ተቀብለው ያስቀምጣሉ፤ ግጥሚያው እስኪያልቅ አይመልሱም። ሰው በሰው መታወቂያ እንዳይመዘን፣ ከተመዘነ በኋላም ተለውጦ እንዳይገባ ነው። ሚዛኑ ጆንያ የሚመዘንበት የመጋዘን ሚዛን ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጠውታል። በአንሶላ ጋርደው ልብስ ያስወልቁሃል፣ ባዶ እግርህን ብረቱ ላይ ትቆማለህ፣ ዳኛው ትንሿን ብረት በጣቱ እየገፋ ይፈልግሃል። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ወንድሜ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዳኛው ገፋ፣ መለስ አደረገ፣ ደግሞ ገፋ። "የአንዲት ሎሚ ያህል ትበልጣለህ" አለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው እስኪነሳ ድረስ ተመልሶ መመዘን እንደሚችል ነገረው።

ላስቲኩን እንደገና ለበሰና ግቢውን ይዞር ጀመር። ላብ ግን አልወጣም፤ ቆዳው እንደ ወረቀት ደርቋል። ትፋ አሉት፣ የሚተፋው አጣ። ፊቱን ሳይ ደንግጬ "በቃ ተወው" አልኩት። መዞሩን ቀጠለ። አሰልጣኙ አስቆመውና "ፀጉርህ" አለ።

ወንድሜ አፍሮ ነበረው። በሚዶ ነፍቶ ሲያቆመው የበር ጉበን ይነካል ብለን እናሾፍበት ነበር፤ የሰፈር ሰው ከሩቅ የሚለየው በሱ ነው። እሱም ይኮራበታል። ያን ጊዜ ግን ሄዶ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ሥር ተቀመጠ። አሰልጣኙ ለውድድሩ ከመጣችው ነርስ በተዋሰው መቀስ ከረከመው፣ የቀረውን በምላጭ ላጨው። የወደቀው ፀጉር ድንጋዩ ላይ ድመት የተኛች ይመስል ነበር። ወንድሜ ቀና ሲል ጆሮዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ሌላ ሰው ሆነ። ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ።

ሚዛኑ ላይ ወጣ። ብረቷ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና ረጋች። ዳኛው "ሃምሳ አንድ!" አለ።

እንደወረደ ቧንቧው ላይ ተደፋ። ሲጠጣ ጉሮሮው የሚያሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጠጥቶ ጠጥቶ ውሃው በአገጩ እየወረደ ቀና አለና ራሱን ዳበሰ። "እማዬ ስታየኝ 'ማን ሞተ?' ብላ ነው የምትጮኸው" አለኝ። ኮፍያ ፈለግን፣ ያለው ሰው አልተገኘም። እኔ ገና ስላልተመዘንኩ አሰልጣኙ አልለቀቀኝም፤ እሱ ብቻውን ለምሳ ሄደ። በበሩ ሲወጣ ባዶ ራሱ ፀሐይ ላይ ያበራ ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ግጥሚያው ተጀመረ። በድምፅ ማጉያ ስሙን ጠሩ። ደግመው ጠሩ። ተጋጣሚው መሐል ሪንጉ ላይ ቆሞ ጓንቱን እያጋጨ ይጠብቃል። ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩና የልጁን እጅ አነሱለት። አሰልጣኙ "በልቶ ተኝቷል! ጾመኛ ሲፈታ እንዲህ ነው" ብሎ ፎጣውን ወረወረ። እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት። ተናድጄ ገባሁና አሸነፍኩ፤ ማንን እንዳሸነፍኩ ፊቱ ትዝ አይለኝም። ዳኛው የኔንም የወንድሜንም መታወቂያ ሰጠኝ። ልሰድበው እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። "ወንድምህስ? ምሳው ቀዘቀዘ እኮ" አለችኝ።

በዚያን ሰሞን ከማሠልጠኛ የሚጠፉ ምልምሎች በዝተው ነበር። ወታደሮች በጭነት መኪና እየዞሩ ይለቅማሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አዲስ የተላጨ ራስ ያለው፣ መታወቂያ የሌለው ወጣት። ይሄን እኛም እናውቅ ነበር፣ መላው ሰፈር ያውቃል። በዚያ ጠዋት ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

ፍለጋ ስንወጣ የሆነውን የነገረችን መንገድ ዳር ጉልት ላይ የምትቸረችር ጎረቤታችን ናት። ሽንኩርትና ቲማቲም ከሷ ነበር የምንገዛው። "አንድ የተላጨ ልጅ አስቆሙ" አለች። "መታወቂያ አሉት፣ ኪሱን ዳበሰ፣ የለውም። ቦክሰኛ ነኝ ሲል ሰምቻለሁ፤ ሳቁበት። መኪናው ላይ ሲያወጡት 'እትዬ!' ብሎ ወደኔ ጮኸ። የጠፋ ወታደር ነው፣ መዘዝ ያመጣብኛል ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ያንን ፀጉር ባየው ኖሮ እንዴት አጣዋለሁ?" ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትመታ ጀመር። እናቴ አላለቀሰችም። ቆማ ስትሰማ ቆየችና "ማን ነው የላጨው?" ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። ስለ ሚዛኑም፣ ስለ ላስቲኩም፣ ስለ ውሃውም ያኔ ነው የሰማችው። "ታዲያ ሊቆርብ አልነበረም?" አለችኝ።

እኔ ምንም አልተሰማኝም። ፋብሪካው ቀጠረኝ፤ ፈርሜ ገባሁ፤ ቀበሌው አልነካኝም። ሰው እንኳን ደስ አለህ ሲል አመሰግናለሁ፣ እግዜር ያጽናህ ሲልም አመሰግናለሁ። ሲደነዝዝ መሬት የማይሰማው እግር አለ አይደል፣ እንደዚያ ሆኜ ብዙ ዓመት ሄድኩ። ጓንት ሁለተኛ አላጠለቅሁም።

አሰልጣኙ ማስረጃ ይዞ ያልሄደበት ቢሮ የለም፤ ልጁ የት ጦር እንደተላከ የሚያውቅ ጠፋ። እናቴ መታወቂያውን ይዛ በየማሠልጠኛው በር ቆመች። ፎቶው ላይ አፍሮው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው። አንድ የበር ጠባቂ አየት አደረገና "እናቴ፣ እዚህ ያለው ሁሉ የተላጨ ነው፤ እንዲህ ያለ ፀጉር ከየት ይመጣል?" አላት። እሷም "ግድ የለም፣ ይበቅላል" አለችው።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በእግሩ ወደ ከተማው ገባ፤ ቁስለኛ ነው፣ ባዶ እግሩን ነው። እናቴ መገናኛ ቆማ የያንዳንዱን ራስ ታያለች። "እስካሁን በቅሎ አድጓል" እያለች ጎፈሬ ያለውን ሁሉ ትከተላለች። አልመጣም። መርዶም አልመጣም። መርዶ ካልመጣ ልቅሶ አይቀመጡም፣ ተዝካርም አያወጡም፤ ስለዚህ ምንም አላደረግንም።

አሁን እናቴ አርጅታ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል። ባለፈው እሑድ ጫማዋን ላስርላት ጎንበስ ስል እጇን ራሴ ላይ አሳረፈችና ወደ ብርሃኑ አዘነበለችኝ። "ሸበትክ እኮ" አለችኝ።

"ዕድሜ ነው እማዬ" አልኳት።

እጇን አላነሳችም። "እሱም ይሄኔ ሸብቷል" አለች።

ክሩን እያሰርኩ "አዎ" አልኳት። "ይበልጠኝ የለ፤ ከኔ ቀድሞ ነው የሚሸብተው።"