ያለ ዕድሜዬ የሸመገልኩበት እሁድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ካባላጋላ ያለው ሱቄ መጣና ወንበር ባቀርብለት አልቀመጥ አለኝ። እንደቆመ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልኝ ልለምንዎት ነው» አለ። የሚፈልጋት ልጅ ቤተሰቦች ሙዬንጋ ዳገቱ አናት ላይ ይኖራሉ፤ እሱ ግን ካምፓላ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቹ በቀር ማንም የለውም። እሺ ሳልለው ሳቅ አመለጠኝና ደነገጠ። የሳቅሁት በእሱ አልነበረም። መጀመሪያ ሽማግሌ የሆንኩት በሃያ አራት ዓመቴ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ነው።

ዘመኑ የካምፓላ ሐበሻ ሁሉ ለንግድ ጁባ፣ ጁባ የሚልበት ነበር። ጓደኛዬ ዳዊት የሚወዳት የሐና አባት፣ አቶ ተፈራ፣ ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ይኖሩ ነበር። ሰኞ ጠዋት እሷን ይዘው ጁባ ሊሄዱ፣ እዚያ ሱቅ ሊከፍቱ ተነስተዋል። ስለ ዳዊት ሲነሳባቸው የሚሉት ነገር አንድ ነበር፤ «በሰው አገር ብቻውን የሚዞር ልጅ ነው። ነገ ቢቸገር ማን አለኝ ይላል?» እንደ ወጉ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ሄዶ «ዘመድ እናማክር» ተብሎ ይመለሳል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ይሄዳል። ዳዊት ከዚያች እሁድ ሌላ ቀን አልነበረውም።

ሜንጎ ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት የመንዙ ሰው ጋሼ ወርቁ እሺ አሉ። ካባላጋላ ጫማ የሚነግደው ወሎዬው ጋሽ ሰይድም እሺ አለ። ሦስተኛውን ሰው ግን በዋዜማው ወባ ጣለውና እኔ ተተካሁ። ጋሼ ወርቁ አንዱን ጋቢያቸውን አለበሱኝ፤ አገጬን ይዘው ወዲያ ወዲህ ካገላበጡኝ በኋላ «ጢም እንኳ ቢኖርህ ጥሩ ነበር። በቃ፣ ብዙ አታውራ» አሉኝ።

ታክሲዎች ያን ቀን ሥራ አቁመው ነበር። ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ግን ሞልቷል። ጋሼ ወርቁ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አዩትና «የሰው ልጅ ልጠይቅ እየሄድኩ የጎረምሳ ወገብ አቅፌ ልታይ?» ብለው ዱላቸውን አነሱ።

በእግር መሄዱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሰውየው ደገኛ ናቸው፤ መንገደኛ በአፋፍ አፋፉ እንጂ በቆላው አይሄድም፣ ቆላው ወባ ነው ብለው ያደጉ። ለመንዝ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። ካምፓላ ላይ ግን አፋፍ ከአፋፍ አይገናኝም፤ አንዱን ኮረብታ ወጥተህ ረግረግ ውስጥ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ሌላውን ትጀምራለህ። አስፋልቱ በጎን ዞሮ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ይህን ብነግራቸው «ብዙ አታውራ ብዬህ ነበር» አሉኝ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ቀዩ አፈር እንደ ሊጥ ይይዛል። የንሳምቢያን ኮረብታ ወጥተን ስንወርድ የጋቢዬ ጫፍ ቀልቶ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ካሳቫ የምትኮተኩት አንዲት ሴት ጋሼ ወርቁን ስታይ፣ እንደ አገሯ ወግ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም በአማርኛ መረቋት። ብዙ ከሄድን በኋላ «ይሄ አገር ሽማግሌ ያውቃል» አሉ።

ካባላጋላ ላይ ጋሽ ሰይድ ተቀላቀለን። ለክብሩ ብሎ ከሱቁ አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር፤ የሙዬንጋን ዳገት ሳንጋምስ አውልቆ በእጁ ያዘው። «ይሄን ጫማ ለስንት ሰው ሸጫለሁ መሰለህ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሁሉም እየረገመኝ ነው የሚተኛው።»

አናቱ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ቆምን። ጉሙ ከረግረጉ እየተነሳ ነበር፤ ከእግራችን ሥር የሙዝ ተክልና የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ማዶ ሐይቁ ወለል ብሎ ታየን። ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ገዝተን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ቻፓቲው ትኩስ ነው፣ እንቁላሉና ቲማቲሙ በጣቶቻችን መሃል ይንጠባጠባል፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ጥቂት ነው። ጋሼ ወርቁ ደረታቸውን ለነፋሱ ገልጠው «ከአገሬ ከወጣሁ እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ቆሜ አላውቅም» አሉ። ደስታቸው ተጋባብኝ፤ የመጣንበትን ጉዳይ ለአፍታ ረሳሁት።

ሙቱንጎ ገና ማዶ ነው። በመሃል ቡጎሎቢ አለ፤ እሱንም ወጣነው፣ ወረድነው። የመጨረሻው ዳገት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጋሼ ወርቁም በየዛፉ ጥላ መቆም ጀመሩ። ቦዳ ልጥራ ብላቸው ትንፋሽ እያጠራቸው «ልጁ ሰው የለውም ብለዋል አይደል? ሰው እንዳለው ይዩ» አሉኝ።

በሩ ላይ ጋሽ ሰይድ ጫማውን አጠለቀ። ሳሎኑ ውስጥ የታሰሩ ሻንጣዎች ተደርድረዋል። አቶ ተፈራ ተቀመጡ አሉን። ሽማግሌ ግን እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ጋሼ ወርቁ ዱላቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ለመኑ። አቶ ተፈራ ሰምተው ሲጨርሱ የፈራነውን ተናገሩ፤ «ጊዜ ስጡን። ከጁባ ስንመለስ ዘመድ አማክረን...»

በዚህ መሃል ድካሙ አሸነፈኝ። ከኋላዬ ያለው ሶፋ ላይ ዘጭ አልኩ።

ጋሼ ወርቁ በዓይናቸው ገደሉኝ። ልነሳ ብል እግሬ እምቢ አለ። አቶ ተፈራ የቀላውን ጋቢዬን፣ ከዚያም የጋሼ ወርቁን ጫማ አዩ። «በምንድን ነው የመጣችሁት?»

«በእግር፣ ከሜንጎ» አለ ጋሽ ሰይድ። «እኔ እንኳ ከካባላጋላ ነኝ።»

ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የወጣናቸው ኮረብታዎች ከዚያ ይታያሉ። ወደ እኛ ተመልሰው «ሰው የለውም ያልኩት ተሳስቼ ነው» አሉ። ከዚያ እኔን እያዩ ፈገግ አሉ። «ሽማግሌ የሚቀመጠው ልጅቱ ስትሰጥ አይደል? ይሄኛው ተቀምጧል። እንግዲህ ሰጥቻለሁ ማለት ነው፤ እናንተም ተቀመጡ።» ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ሰማን። ሐና ነበረች።

ዳዊትና ሐና ዛሬም ሙቱንጎ ናቸው፣ ልጆቻቸው በቁመት በልጠውኛል። ጋሼ ወርቁ አርፈዋል። ዱላቸውን «መቀመጥ ስለምትወድ» ብለው ለእኔ ተዉልኝ። በሰው አገር ዘመድ የሚባለው ስለ አንተ ብሎ የሚደክም ሰው እንደሆነ ያስተማረኝ ያ ቀን ነው።

ወጣቱን እሺ አልኩት። ፊቱ በርቶ «መኪና በር ድረስ ያደርስዎታል» አለኝ።

«ዳገቱ ሥር ካወረደን ይበቃል» አልኩት፣ ዱላውን ከጥጉ እያነሳሁ።