አንቱታ የተማረው ድረ ገጽ

ረይሐና የአጎቷን ድረ ገጽ አሻሽላለሁ ብላ ሁለት ወር ሙሉ የደከመችው በቀለሙ ነበር። መጀመሪያ አረንጓዴ አደረገችው፤ ሰው አልመጣም። ሰማያዊ ብታደርገውም ያው ነው። "ቦታ ያዝ" የሚለውን ቁልፍ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረችው፣ አሳደገችው፣ ጠርዙን አድበለበለችው። እዚያው አርባ ምንጭ አራት ዓመት ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት፤ ዕውቀት አላነሳትም። ያነሳት ተሳፋሪ ነው።

አጎቷ አብዱሰመድ በከተማዋ ሲቀላ ሰፈር የጅምላ መደብር ያለው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሁለት አውቶብሶች ያሉት ነጋዴ ነው። በ2009 ዓ.ም. መንገደኛ በስልኩ ወንበር የሚይዝበትን ገጽ ያሠራው እሷን አምኖ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ወንበር የያዙት አራት ሰዎች ሆኑ፤ ከአራቱ አንዷ ራሷ ረይሐና ናት። ስለዚህ ቁርጡን ነገራት፤ እስከ መስቀል ገጹ ግማሽ አውቶብስ ካልሞላ ይዘጋል፣ እሷም መደብር ገብታ ስኳር ትመዝናለች። ስኳር መመዘን ነውር የለውም፤ አባቷም ዕድሜውን የጨረሰው በዚያው ነው። ረይሐና ግን አንዴ ሚዛኑ ጀርባ ከቆመች ዳግመኛ እንደማትወጣ ታውቅ ነበርና እንቅልፍ አጣች።

ቀለሙ አልሆን ሲላት ታብሌቷን ይዛ መነኻሪያ ሄደችና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንገደኛውን ገጹን እንዲሞክርላት ትለምናለች፣ እሷ አፏን ዘግታ ታያለች። ገጽ የሚፈተንበት ዘዴ እንደዚያ ነው፤ መርዳት ክልክል ነው።

መጀመሪያ እሺ ያሏት አቶ ተክለወልድ ናቸው። ከጎጃም መጥተው እዚያው ከተማ ሴቻ ሰፈር ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ በዚያ ሙቀት ኮት የማያወልቁ ሰው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ከፈቱ። ገጹ "ግባ" አላቸው። ዝም ብለው ገቡ። "ስልክህን አስገባ" ሲላቸው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ታብሌቱን እያገላበጡ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈለጉ። ቁጥሩን ማለቱ እንደሆነ በራሳቸው ደርሰውበት ጻፉ፤ አንድ አሃዝ ቢያጎድሉ ግን ገጹ በቀይ "ተሳስተሃል!" አላቸው። ተሳስተሃል ሲሉ የኖሩ እንጂ ሲባሉ የኖሩ ሰው አይደሉም። ይህንንም ዋጥ አድርገው መውጫ ሲፈልጉ ከታች በኩል "ውጣ" የሚል አገኙ።

"ልጄ፣" አሉ ታብሌቱን በሁለት እጃቸው እየመለሱላት፣ "እኔ እኮ ሳልባልም እወጣ ነበር።"

ቀጥላ የሞከረችው ከምዕራብ ዓባያ ሙዝ የምታመጣው አገኘሽ ናት። እሷ እንኳ አልተቀየመችም። "ግባ"ን፣ "ምረጥ"ን፣ "ያዝ"ን አንድ በአንድ አንብባ ቀና አለችና የሴቶቹ አውቶብስ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀች።

ረይሐና የነቃችው ያን ጊዜ ነው። የገጹ በሽታ ከቀለሙ ሳይሆን ከአፉ ነበር። የማን አፍ እንደሆነም ወዲያው ገባት። ሰው ወሬ አይወድም፣ አጭር ይሁን እያለ እያንዳንዱን ቃል እየነገረ ያስጻፋት አጎቷ ነው፤ ትኬት መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት በመንገደኛ ላይ የሚያንባርቀውን እንዳለ ገልብጣዋለች።

ይህን ለባለቤቱ መንገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መደብሩ ሄዳ ገጹ ሰው እያስቀየመ እንደሆነ፣ አንድ የተከበሩ መምህርንም ውጣ እንዳላቸው ነገረችው። አብዱሰመድ በገነ። እንዲህ ያለ ስድ ቃል በስሙ የጻፈው ማን እንደሆነ አሁኑኑ እንዲነገረው ፈለገ። ረይሐና መሬት መሬት ታይ ጀመር። ያኔ ራሱ ደረሰበት መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ስኳሩ ጆንያዎች ዞረ። የፈለግሽውን አድርጊ፣ መስቀል ግን መስቀል ነው አላት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የድረ ገጽ ወለምታ ግን በቀይ እስክሪብቶ ይታሻል። ገጹን በወረቀት አትማ አቶ ተክለወልድ ቤት ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች፤ እሳቸውም ይቅርታውን ከመጨረሷ በፊት ወረቀቱን ወስደው ማረም ጀመሩ። የመጀመሪያው እርማታቸው "ክቡር መንገደኛ ሆይ፣ እባክዎ ስልክ ቁጥርዎን በመልካም ፈቃድዎ ይጻፉልን" የሚል ነበር። ስልክ ላይ ሲታይ ቃሉ ማያውን ሞልቶ ለወንበሮቹ ቦታ ጠፋ። ሦስት ቀን ተከራከሩ፤ በመጨረሻ "ሆይ" ተሠዋ። "ግባ" "ይግቡ" ሆነ። "ተሳስተሃል" ቀርቶ "አንድ ቁጥር ሳይጎድል አልቀረም፤ ቢያዩት" ተባለ። "ውጣ" ደግሞ "መልካም መንገድ" ሆነ። የአገኘሽም ጥያቄ አብሮ ተፈታ፤ አንቱታ ወንድ ከሴት አይለይም። አቶ ተክለወልድ ያስተማሩት ነገር ለአንድ ሰው ሲጠቅም በዓይናቸው ስላዩ እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

መስከረም ሲገባ ሰው መጣ። ለመስቀል ሳምንት አንዱ አውቶብስ ግማሹ ብቻ ሳይሆን ከሾፌሩ ወንበር በቀር ሁሉም በገጹ ተያዘ። አብዱሰመድ ስኳር የሚመዝን ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ለረይሐና ነገራት፤ እሷም ከመደብሩ ጀርባ ሄዳ ደስ ብሏት አለቀሰች።

እሱን ግን አንድ ነገር ከነከነው። ሰዉ በትኬት መስኮቱ ፊት አልፎ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ በስልኩ ወንበር ይይዛል። ሁለት ቀን ታገሠ። በሦስተኛው ረይሐናን ጠራና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ እነዚያን ቃላት በትልልቁ ጽፋ መስኮቱ ላይ፣ በእሱ በኩል፣ እንድትለጥፍለት አዘዛት።

የመጀመሪያው ደንበኛ ኃይለመስቀል ሆነ፤ ጨንቻ ላይ ጋቢ እየሸመነ አዲስ አበባ የሚሸጥ፣ ስልኩ ከመደወል በቀር ሌላ የማያውቅ፣ አብዱሰመድን ዐሥር ዓመት የሚያውቅ ሰው። አብዱሰመድ ወረቀቱን ሰረቅ አድርጎ አየና "እንኳን ደህና መጡ። ወንበር ይምረጡ" አለው።

ኃይለመስቀል ከኋላው ማን እንደቆመ ለማየት ዞረ። ማንም የለም። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አብዱ፣ ማን ሞተብህ?"

"ማንም አልሞተብኝም፤ ይምረጡ ብያለሁ፣ ይምረጡ!"

መነኻሪያው ሁሉ ዞሮ አየ። ረይሐናም ከውስጥ ሆና ሰማች። ድምፁ ያው የድሮው ነው፤ ግሱ ግን አንቱ ነበር።