ባቄላ እምቢ ያለው ዋልካ

ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ ወደ ዳባት ስወርድ በሚኒባሱ መስኮት የባቄላ አበባ ሽታ ገባ። ደስ ይላል፤ እኔን ግን ግራ ያጋባኛል። በተጋባን በሁለተኛው ክረምት የሆነውን ያስታውሰኛል።

ሁለት ማሳ ነበረን። አንዱ ከቤታችን በላይ ያለው ቀይ አፈር፣ ሌላው ከወንዙ ዳር ያለው ዋልካ፤ እግር ይዞ የማይለቅ ጥቁር ጭቃ። በመጀመሪያው ክረምት ሁለቱንም ስንዴ ዘራንባቸው። እኔ ድርስ እርጉዝ ነበርኩና ማረም አልቻልኩም። ባለቤቴን «መድኃኒት ብትረጨውስ» አልኩት። ሁለቱንም ረጨ። አረሙ ደረቀ፤ ስንዴው አማረ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በዓመቱ ባቄላ ዘራን። አንድ ዘር፣ በአንድ ቀን። የቀዩ አፈር ለመለመ። የዋልካው ግን በቅሎ ቢጫ ሆነ። ብነቅለው ሥሩ ከጣቴ አንጓ አይበልጥም።

የዘራነው በሚካኤል ዕለት ነበር፤ ዝናቡ እንዳያመልጠን ብለን።

ባለቤቴ «መሬቱ ጠልቶናል። መተማ ወርጄ ሰሊጥ ልጨድ» አለ። ወንድሙን እዚያ ወባ በልቶታል። ልጄን አዝዬ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሮጥኩ።

«አባ፣ በዓል ሽረን ተቀጣን።»

«ቀዩንስ መቼ ዘራችሁት?»

«በዚያው ቀን።»

ሳቁ። «ታዲያ ሚካኤል አፈር እየመረጠ ነው የሚቀጣ? ለበዓሉ ንስሐ እሰጣችኋለሁ። ለባቄላው ግብርናዋን ጠይቂ።»

የግብርና ሠራተኛዋ ልጅ እግር ናት። መጥታ ዋልካውን በጣቷ አሸችው፤ አምና ምን እንደረጨንበትም ጠየቀችን።

«የአምናው መድኃኒት አልጠፋም። ስንዴን አይነካም፤ የባቄላን ሥር ግን ያቀጭጨዋል። ቀዩ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ቶሎ አጠፋው። ዋልካው አይኮመጥጥም፤ እዚህ ይቆያል።»

ባለቤቴ «ቀምሰሽዋል?» አላት።

«በመሣሪያ ነው የሚለካው፣ ጋሼ!»

«መሬቱ ሞተ እንዴ?» አልኳት።

«አልሞተም። ስንዴ ዝሩበት፤ ያንን መድኃኒት ግን አትድገሙበት። በየዓመቱ ጥጉ ላይ እፍኝ ባቄላ ሞክሩ። እሱ ሲያምር ሁሉንም ትዘራላችሁ።»

ባለቤቴ ራሱን አከከ። «እንግዲያ እፍኟን አይቼ ልሂድ» አለ።

በዓመቱ እፍኟ ቢጫ ሆነች። «ሌላ ዓመት ልያት» አለ። በተከታዩ ክረምት ግማሿ አረንጓዴ ሆነች። በሦስተኛው ጥጉ በሙሉ ለምለም ሆነ። እሱም መተማን ማንሳት ተወ።

አፈር እንዴት እንደሚኮመጥጥ ዛሬም አልገባኝም። ባሌን ያስቀረልኝ ጸሎቴ ይሁን እፍኝ ባቄላ፣ እሱንም ለይቼ አላውቅም። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከኋላዬ የባሌ ዱላ ድንጋዩን ሲመታ እሰማለሁ። ተመስገን እላለሁ።