ስም ያላገኘችው ሮዝ ነጥብ

ትናንት የኮሌጅ መመዝገቢያ ቅጽ ስሞላ ጸሐፊዋ የልደት ቀኔን አየችና፣ «ይሄ የማዶው ነው የወዲህ?» አለችኝ። ሁለት አገር፣ ሁለት የቀን አቆጣጠር በሚገናኙባት ሞያሌ የተለመደ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ብዕሩን አስቀመጥኩ። አስራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ መጻፍ ከለመድኩ ወዲህ ብዕሬ አላቆም ብሎኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ይህን ነገር ብቻ አራት ዓመት ሙሉ ስሸሸው ኖሬያለሁ።

ያኔ በኬንያው ወገን ባለው ትምህርት ቤታችን ባዮሎጂ የሚያስተምረን ወጣቱ ቲቸር ጉዮ፣ ለማስተርስ ጥናቱ የአፈር ባክቴሪያ ያሳድግ ነበር፤ እኔም ከትምህርት በኋላ አግዘው ነበር። ወደ ሶሎሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ኩይሳ ቀይ አፈር ዘግኖ አመጣ። ከብዙ ሳምንት በኋላ የመርፌ ጫፍ የምታክል ሮዝ ነጥብ ብቅ አለች። በማይክሮስኮፕ አያት፤ በመጽሐፎቹ ውስጥ የምትመስላት አጣ።

«አዲስ ሳትሆን አትቀርም» አለኝ። «ግን ከማን ወገን እንደሆነች ለመመደብ ብቻዋን ማሳደግ አለብን። ዘሯ በሕይወት ካልቀረበ ስም አይሰጣትም።»

አመሏ ጉድ ነው። ጥሩ ምግብ ከሰጧት ትሞታለች። ውሃ የመሰለ ቀጭን ሾርባ፣ ጨለማ ቁም ሳጥን፣ የሦስት ወር ትዕግሥት ትፈልጋለች። ረመዳን ነበርና የክፍል ልጆች፣ «ፋጡማ፣ ለዚህች ፆመኛሽ ማፍጠሪያዋ መግሪብ መቼ ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ዘሯን ወደ ስድስት የመስታወት ሳህኖች አዛወርን። መጀመሪያ የበቀለችበትን ሳህን ሻጋታ ወረሰው፤ አፈሩም አለቀ። የቀሩን እነዚያ ስድስቱ ነበሩ። ክዳናቸው ጠባብ ስለሆነ ቀንና ወር ብቻ እንድጽፍ ታዘዝኩ። እኔ ደግሞ አዲስ ዓመትን ማዶ፣ በኢትዮጵያው ወገን፣ አክስቴ ቤት ውዬ መመለሴ ነው፤ አደይ አበባው እንኳ ከደብተሬ መሀል አልወጣም። አሳምሬ «3/1» ብዬ ጻፍኩ። መስከረም ሦስት።

በኖቬምበር ቲቸር ለፈተና እርማት ናይሮቢ ሄደ። ትምህርት ሊዘጋ ስለነበር የላቦራቶሪ ጠባቂዋ ማማ ሩቅያ ቁም ሳጥኑን አጸዱ።

«ማማ፣ ሳህኖቹስ?»

«እነዚያ ባዶዎቹ? ቀቅዬ አጠብኳቸው።»

«ማማ!»

«ዎይ ልጄ፣ ክዳኑ ጃንዋሪ ሦስት ይላል እኮ! ስድስት ወር ያለፈውን ቀቅዪ ያለኝ ራሱ ቲቸር ነው። አስር ወር ሙሉ ያልበቀለ፣ ባሲ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ምን ይበቅላል?»

ስድስቱም ፀሐይ ላይ ተደፍተው ያብረቀርቃሉ። እንደዚያ የጸዳ ነገር አይቼ አላውቅም።

ለቲቸር የነገርኩት እኔው ነኝ።

«አስራ ሦስት፣ ዘጠኝ ነበር የሚጻፈው» አለ። «ሴፕቴምበር።»

«ቲቸር፣ አፈሩን እንደገና እናምጣ።»

አብረን ሄድን። ኩይሳውን ሰዎች ለቤት ምርጊት ቆፍረው ወስደውታል፤ ቦታው ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ሆኗል። ከጠርዙ ጭቃ ዘገንን። ሦስት ወር ጠበቅን፤ ሌላ ሦስት ወር ጨመርን። ነጩ ወጣ፣ ቢጫው ወጣ፤ ሮዟ አልመጣችም። ቲቸር የጥናቱን ርዕስ ቀየረ፤ በዓመቱም ተዛወረ። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚያጽናኑኝ፣ ሌላ ኩይሳ ውስጥ ትኖር ይሆናል ይሉኛል። እኔ አላምንም። ዛሬ ቃላት ይታዘዙልኛል፤ ቀለሟንም ትንሽነቷንም ልጽፍ እችላለሁ። ምን ያደርጋል? ሰው ሲሞት ስሙን ጠርተን እናለቅሳለን። እሷን ማን ብዬ ላልቅስላት?