የተነከሰው ዳቦ

ዙልሁሞር ልጇ ለሥራ ሩሲያ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ስልኳን ከእጇ አትለይም። ዛሬም ኡርጉት ከተማ ለሴቶች እንግሊዝኛ ስታስተምር፣ የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን ስም ለማስለየት ከየቤታቸው ምግብ አስመጥታለች። ለውዙ ተቆጠረ። «ዳቦን ግን እንግሊዞች አይቆጥሩም፤ ትንሽ ወይም ብዙ ነው የሚሉት» ብላ ተማሪዋ ኦይዲን ያመጣችውን ልትቆርስ ብታነሳ፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ጠርዙም ተነክሷል። በአገሩ ልማድ መንገደኛ ነክሶት የሚሄደው፣ እስኪመለስም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዳቦ!

«አንቺ፣ አብደሻል? ባልሽ ሳይመለስ ይሄ ይወርዳል? ሂጂ መልሰሽ ስቀዪው!»

«እዚያው ሩሲያ አግብቷል፣ ቲቸር። ዝም ብለው ይቁረሱት።»

ዙልሁሞር ዳቦውን አስቀመጠችና ስልኳን አየች። የልጇ ዳቦ ቤቷ እንደተሰቀለ ነው።