እማዬ አንቱ ያለችው እንሽላሊት

ባለፈው ቅዳሜ ለበረንዳዬ አበቦች አፈር ልገዛ ወደ አንድ የአትክልት መሸጫ ጎራ ብዬ ነበር። ሻጩ ችግኞቹን በሚያሞቁት አምፖሎች ሥር ከጆንያ የረጠበ የዛፍ ቅርፊት ሲዘረግፍ፣ ሞቅ ያለ፣ ጫካም ጓዳም የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የመጣሁበትን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ሻጩ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ፤ በዚያች ደቂቃ አርባ ዓመት የተጠጋት ሴት ሳልሆን፣ ሮም ውስጥ ፒያሳ ቦሎኛ አጠገብ ባለ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ከአንድ የመስታወት ሣጥን ፊት የተንበረከክሁ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

እናቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ትታኝ ወደ ሮም ስትሄድ ገና አራት ዓመቴ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ ተስተካክሎላት ስታስመጣኝ አሥር ሞልቶኛል። ሲኞራ ኤልዳ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ቤት ፊሳ ነበረች፤ እዚያው እያደረች ትሠራለች ማለት ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል የሁለታችን ሆነች። ሲኞራ ኤልዳ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በዚያ ቤት የልጅ ድምፅ ከተሰማ ብዙ ዘመን ሆኖት ስለነበር፣ እማዬ «ቀስ በይ ማሂ፣ በእግር ጣቶችሽ ተራመጂ» እንዳለችኝ ነበር የሚመሸው። ትምህርት ቤት ጣልያንኛ ስለማልችል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስኮት አያለሁ፤ ቤት ስመጣ ደግሞ እማዬ ትጠርጋለች፣ ትተኩሳለች፣ ሲኞራን ታጥባለች፣ እና አልጋችን ላይ ጋደም ስትል የጀመርኩላትን ወሬ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከእናቴ ጋር ለመኖር መጥቼ እናቴን የምናፍቀው እዚያው አጠገቧ ተኝቼ ነበር።

የሲኞራ የልጅ ልጅ ማቴኦ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ አብሯቸው ይኖር ነበር። ክፍሉ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ቴጉ የሚባል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዘር የሆነ እንሽላሊት ያሳድጋል። ገና አላደገም፤ ርዝመቱ ከክንዴ አይበልጥም፣ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ጀርባው ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮበታል። እማዬ አርጃኖ ነው ብላ ትምልበታለች። ማቴኦ ቶሪኖ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሲል እንስሳውን እንድትይዝለት ቢለምናት፣ እጇን ከፊቱ እያወዛወዘች «እኔ? ማዶና ሚያ! ሳህን አጥባለሁ፣ አዛውንት አጥባለሁ፣ አርጃኖ ግን አላስታምምም!» አለችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። በማውቃት ጥቂት ጣልያንኛ «እኔ» አልኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኳት የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ናት።

ማቴኦ ከመሄዱ በፊት በምልክትም በቃልም አስተማረኝ። ከላይ እጅሽን አትስደጂ፣ ጠላቱ አሞራ ስለሆነ ከላይ የመጣበትን ሁሉ ይፈራል፤ እጅሽን ከጎን አስገቢና ዝም ብለሽ አስቀምጪው፤ የለበስሽውን ልብስ ሳታጥቢ አጠገቡ አድርጊለት፣ ሽታሽን ይልመደው አለኝ። ከዚያም ነሐሴ መጣ። ነሐሴ ላይ ሮም ውስጥ ሰው አይቀርም፤ ሱቆቹ ተዘግተው፣ መስኮቶቹ ተከርችመው፣ አስፋልቱ ብቻውን ይቀልጣል። እኔ ካናቴራዬን ሣጥኑ ውስጥ አንጥፌ እጄን ከጎን አስገብቼ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ያፏጭብኝ፣ በጅራቱም ይገርፈኝ ነበር። አልነቃነቅም። ፌንጣ፣ ከግቢው የለቀምኩትን ቀንድ አውጣ፣ የተፈጨ ሥጋና እንቁላል አበላዋለሁ፤ ቅርፊቱን ውኃ እረጭለታለሁ፤ እና በአማርኛ አወራዋለሁ። የአክስቴን ግቢ፣ የጓደኞቼን ስም፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የሰጡኝን ምግብ ሁሉ ነገርኩት። ሁለት የሆነችውን ምላሱን እያወጣ የምለውን የሚቀምስ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ በክንዴ ላይ ወጥቶ አንገቴ ሥር ገባና በለበስኩት ካናቴራ ውስጥ ተኛ። ልቡ ደረቴ ላይ ትመታለች። እግሬ እስኪደነዝዝ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ፤ ሮም ከገባሁ ጀምሮ ማንም ደረቴ ላይ ተኝቶ አያውቅማ።

እማዬ በሩን አልፋ አትገባም፤ ከፍርሃት ይሁን ከአክብሮት፣ አንቱ ትለው ጀመር። «እሳቸው በሉ?» ትላለች አንገቷን ብቻ አስግጋ። «ዛሬ ተቆጥተዋል እንዴ?» ሲኞራ ኤልዳ ምን እንደምታወራ ይጠይቁኛል፤ እንሽላሊቱን እንደ እርስዎ ታከብረዋለች ብዬ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ብርዱ ሲገባ ቴጉው መብላት አቆመ። አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ሣጥኑን ሳየው የለም፤ ቅርፊቱንና አፈሩን ቆፍሮ ገብቷል። ስጠራው አይወጣም፣ ሳንኳኳ አይሰማም። ሞተ ብዬ አለቀስኩ። ሲኞራ ለማቴኦ ደወሉለትና «አሎራ፣ ስሚ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ማቴኦ ተኝቶ እንደሆነ፣ ዘሩ በብርድ ወራት እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ውኃ ብቻ እያስቀመጥኩ እንድጠብቀው ነገረኝ። ግን ተኝቶ ይሁን ሞቶ ከላይ ሆኖ ማን ያውቃል? በየቀኑ ከአፈሩ ፊት እቀመጣለሁ። እንደዚያን ጊዜ ሰው ርቦኝ አያውቅም።

ሲኞራ ኤልዳ ምርኩዛቸውን ይዘው እየመጡ አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ጋዜጣ ጮክ ብለው ያነቡና እኔን ያስደግሙኛል፤ ጣልያንኛዬ የተፈታው በእሳቸው የቀብርና የአየር ጠባይ ዜና ነው። አንድ ምሽት ደግሞ እማዬ ሽርጧን እንደታጠቀች ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍራ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አፈሩን አየችው።

«አትቆፍሪው፤ ይተኙ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እንዲህ ነበር የምጠብቅሽ። በስልክ ደህና ናት ይሉኛል። ትበላለች፣ አድጋለች ይሉኛል። አላይሽም። አምኜ መቀመጥ ብቻ» አለች።

ያን ያህል ስታወራኝ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ጭንቅላቴን ትከሻዋ ላይ ጣልኩ፤ ሲኞራ ያልገባቸውን አማርኛ እንዳይረብሹ ጋዜጣቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

የወጣ ዕለት ያየችው እማዬ ናት። ፀሐይ የጠናበት የጾም ቀን ነበር፤ ወለል ልታጥብ ገብታ ቤቱን በጩኸት አናወጠችው። «ማሂ! ነይ! ተነሱ! እሳቸው ተነሱ!» ሮጬ ስገባ ቴጉው አፍንጫው በአፈር ተለውሶ፣ ከስቶ፣ ዓይኑን በዝግታ እየገለጠ መብራቱን ይሞቃል። እማዬ ስለቷ የደረሰላት ይመስል እልል አለች፤ ሲኞራ፣ ቤቱ ውስጥ እሳት የተነሳ መስሏቸው፣ በሌሊት ልብሳቸው መጡና እሳቸውም አጨበጨቡ። በዚያች ቤት ሦስታችን አንድ ላይ ጮክ ብለን የተደሰትነው ያኔ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ብርዱ ተመልሶ ሳይገባ፣ ሲኞራ ኤልዳ አረፉ። ልጆቻቸው ቤቱን ሸጡት። እማዬ ያገኘችው አዲስ ሥራ እንደ ድሮው ፊሳ ነበር፤ አሠሪዎቹ ግን ልጅ አንቀበልም ስላሉ እኔ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። ማቴኦ መጥቶ ቴጉውን ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ወዳጁ ቤት ወሰደው፤ መንገዱን ሁሉ የገባበትን ካርቶን ጭኔ ላይ ይዤ ሸኘሁት።

በሚቀጥለው ፀደይ፣ በእማዬ የዕረፍት ቀን፣ በባቡር ሄደን ጎበኘነው። ከእኔ እግር የሚረዝም፣ ጉንጩ ያበጠ ጎልማሳ ሆኗል። እጄን ከጎን አስገብቼ ብጠብቅ ምላሱን አንዴ አውጥቶ መለሰና ዞሮ ወደ ጉድጓዱ ገባ። እማዬ ከአጥሩ ማዶ ሆና ለባለቤቱ ሥጋው በደንብ ካልተፈጨ እንደማይወዱ፣ በጣልያንኛም አንቱታውን ሳትተው «እነሱ» እያለች አስረዳች። ሰውዬው «እነሱ» የምትላቸው እነማን እንደሆኑ አልገባውም።

ስንመለስ ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ወረድን። እሷን አሠሪዎቿ ለእራት ይጠብቋታል፣ እኔ ደግሞ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ በር ሳይዘጋ መድረስ አለብኝ። የአውቶቡሱ ማቆሚያ ላይ ኮቴን እስከ አገጬ ቆለፈችልኝና፣ «ቫ ቤኔ፣ በይ እሺ፣ ለእሑድ እመጣለሁ» ብላ ተሣፈረች። እሑድ መጣች፤ ከዚያም በየእሑዱ ትመጣ ነበር፣ ተቀምጠን እናወራለን፣ ሲመሽ ትሄዳለች። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ የራሴን ቤት ስከራይ እሷ ጤናዋ ታውኮ አገሯ ገባች፤ አሁን በስልክ ደህና ነኝ ትለኛለች፣ አምኜ እቀመጣለሁ። አብረን አንድ ቤት ያደርንበትን ጊዜ መላልሼ አስቤዋለሁ። ከአራት ዓመቴ በኋላ ከእናቴ ጋር የኖርኩት ያቺን የሲኞራ ኤልዳን ጓዳ ብቻ ነው፤ ያንንም ግማሹን በጣቶቼ እየተራመድኩ ነበር።